የቆዩ የግራፊክ ዲዛይን መጽሔቶችን ደብረ ብርሃን ሆኖ መሰብሰብ፦ ከፍለጋ እስከ መደርደሪያ

ሎጎ ወይም የሠርግ ካርድ ሊያሠሩ የሚመጡ ልጆች ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋ መጽሔት ያያሉ። የመጡበትን ረስተው መገላለጥ ይጀምራሉ። ከዚያ ሁሌም ያው ጥያቄ ይመጣል፦ "ይሄን ከየት አገኘኸው? እኔስ እንዴት ልጀምር?" ደብረ ሲና ያሉ አንድ የሥዕል መምህርም በስልክ ደጋግመው ጠይቀውኛል። በቆምኩበት ስመልስ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉውን እነሆ።

መመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የታተሙ የግራፊክ ዲዛይን መጽሔቶችን ይመለከታል። መነን መጽሔትንና የዚያ ዘመን ሌሎች የአገር ውስጥ ሕትመቶችን ለምትሰበስቡም ከደረጃ 3 በኋላ ያለው አብዛኛው ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር (ማተሚያ ቤቶች የቀለም ነጥብ የሚያዩበት)
- ተራ እርሳስና ደብተር
- ለስላሳ ሰፊ ብሩሽ፣ ለሌላ ሥራ ያልዋለ
- ያልታተመ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ደስጣ
- የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ወይም ፋይል፣ መጽሔቱ ሳይታጠፍ የሚገባበት
- መጽሔቱን የሚያክል ጠንካራ ካርቶን
- ሁለት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ፣ ለመጫኛ
- ትንሽ የእርጥበት መለኪያ
- የአፍና የአፍንጫ ማስክ
- ንጹሕ ጋቢ (ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ)

ጓንት አያስፈልግም። ጓንት ያደረገ ጣት የወረቀቱን ጠርዝ በደንብ ስለማይለይ ይቀዳል። እጅን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። ቅባት ወይም ሎሽን ተቀብታችሁ ግን አትንኩ።

1. የምትፈልጉትን በስም ጻፉ

"ያገኘሁትን ሁሉ" ብሎ የጀመረ ሰው ቤቱ በማይከፍተው ወረቀት ይሞላል። ከአንድ ወይም ከሁለት መጽሔት ተነሱ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ግራፊስ፦ ከ1944 ጀምሮ ዙሪክ ላይ የወጣ፣ ቫልተር ሄርዴግ ለአራት አሥርት ዓመታት ያዘጋጀው። ጽሑፉ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይሄን ነው። ብዙ ቁጥር ስለወጣና ብዙ አገር ስለተሠራጨ ከሌሎቹ ይልቅ ይገኛል።

ኖየ ግራፊክ፦ ይሄም የዙሪክ ነው፣ ከ1958 እስከ 1965። 18 ቁጥር አለው። የመጨረሻዎቹ 17 እና 18 ግን በአንድ ላይ ስለተጠረዙ ሙሉው ስብስብ 17 ጥራዝ ነው። "18ኛው ጎደለብኝ" ብላችሁ ዓመት ሙሉ እንዳትፈልጉ።

ታይፖግራፊካ፦ ኸርበርት ስፔንሰር ለንደን ላይ ከ1949 እስከ 1967 ያዘጋጀው። 32 እትም አለው፤ ነገር ግን 16ቱ አሮጌው ተከታታይ፣ 16ቱ አዲሱ ተከታታይ ተብለው እንደገና ከ1 ይቆጠራሉ። ስለዚህ "ቁጥር 5 አለኝ" የሚል ሻጭ ስታገኙ የትኛው 5 እንደሆነ ጠይቁ።

ፖርትፎሊዮ፦ አሜሪካ ውስጥ በ1950 እና በ1951 የወጣ፣ አሌክሲ ብሮዶቪች በገጽ ቅንብሩ የመራው። ሦስት እትም ብቻ ነው ያለው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ የመጀመሪያ ግዢያችሁ አይሁን።

ዝርዝራችሁ ላይ ዓመቱን ስትጽፉ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. የሚለውን ሁልጊዜ ጨምሩ። አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ "የ55 መጽሔት ነው" ሲላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁት። 1955 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆቹ 1962 እና 1963 ነው። በስልክ ተስማምቼ አዲስ አበባ ድረስ ወርጄ በዚህ ልዩነት ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

2. የት እንደምትፈልጉ

ቆራሌውን ተዋወቁ። ሰፈራችሁን የሚዞረውን ልጅ ስም ጠይቁ። አንድ የመጽሔት ገጽ አሳዩትና "እንዲህ ያለ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ስታገኝ ለሱቅ መጠቅለያ ከመሸጥህ በፊት አምጣልኝ" በሉት። ሲያመጣ፣ የማትፈልጉት ቢሆንም እንኳ፣ ትንሽ ክፈሉት። ባዶ እጁን የመለሳችሁት ቀን ሁለተኛ አይመጣም።

ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች፣ መሐንዲሶችና ውጭ አገር ተምረው የመጡ ሰዎች ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ካርቶን ይኖራል። በሰው በኩል ሂዱ። እማማ ቡና አፍልተው ሳጥኑን ሲያስወጡላችሁ ሁሉንም ለማጋበስ አትቸኩሉ። የምትወስዱትን ለዩ፣ ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያወጣ በግልጽ ንገሯቸው። ዋጋውን የማያውቅ ሰው ቤት ገብቶ በርካሽ ወስዶ መውጣት ነውር ነው። ደግሞም ጎረቤታቸው ቤት ያለውን ሁለተኛ ሳጥን የሚጠቁሟችሁ እሳቸው ናቸው።

አዲስ አበባ ስትወርዱ ብሔራዊ ቴአትርና ለገሀር አካባቢ ያሉትን፣ መርካቶም ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጠይቁ። ቦታ ስለሚቀያይሩ ስልካቸውን ያዙ። መጽሔቱ ከታች፣ ከድሮ የትምህርት መጻሕፍት ሥር ነው የሚሆነው።

በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን ዕቃው የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጋችሁ እዩ። ማንም ሰው ያሻውን ዋጋ መጻፍ ይችላል። እዚህ ለመክፈልም ለማስላክም ስለሚከብድ ብዙዎቻችን ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው የምናስመጣው። ዘመዳችሁን የምታስቸግሩት ግን ደረጃ 3ን በፎቶ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።

3. ከመክፈላችሁ በፊት መርምሩ

ይሄ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል። አታሳጥሩት።

ሀ. መጀመሪያ አሙቁት። የደብረ ብርሃን ጠዋት በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ነው። ጀርባው በሙጫ ብቻ የተያዘ አሮጌ መጽሔት በብርድ አይዘረጋም። ያረጀ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ስትከፍቱት "ቀጭ" ብሎ ይሰነጠቃል፣ ገጾቹም አንድ በአንድ ይለቃሉ። ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያም ከግማሽ በላይ አትክፈቱት።

ለ. ገጽ ቁጠሩ። ቁጥሩ ሳይዘል መሄዱን እዩ። የፊትና የኋላ የማስታወቂያ ገጾች አንዳንዴ ለብቻቸው ስለሚቆጠሩ ወይም ጭራሽ ቁጥር ስለሌላቸው መጉደላቸው ቶሎ አይታወቅም። የዚያ ዘመን የወረቀት፣ የቀለምና የፊደል ድርጅቶች ማስታወቂያዎች ራሳቸው የዲዛይን ሥራ ናቸው። እነሱ የሌሉት እትም ሙሉ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ያስጠረዛቸው ቅጾች ብዙ ጊዜ ሽፋናቸውም ማስታወቂያቸውም ተነሥቶ ነው የሚገኙት።

ሐ. የመሐሉን ስፌት ተመልከቱ። ምላጭ የነካው ገጽ ጥግ ላይ ቀጭን ጉርድ ይተዋል። ለፍሬም ተብሎ የተቆረጠ ገጽ የሚታወቀው በዚህ ነው። ታይፖግራፊካን የመሰሉ መጽሔቶች በተለየ ወረቀት የታተሙ ትናንሽ ገጾች መሐላቸው ይገባል። በመጀመሪያ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው።

መ. ማጉያውን ፎቶ ላይ ሳይሆን ፊደል ላይ አድርጉ። ኦርጅናል ሕትመት ላይ ጥቁር ፊደል ውስጡ ድፍን፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ከስካን ተነስቶ የታተመ ኮፒ ላይ ፊደሉ ራሱ ከነጥብ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙም የተበላ ይመስላል። ፎቶ ላይ ነጥብ ማየታችሁ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ኦርጅናሉም ነጥብ አለው። ኖየ ግራፊክ በ2014 እ.ኤ.አ. በላርስ ሙለር አሳታሚነት በድጋሚ ታትሟል። ለማንበብ በጣም ጥሩ ነው። በኦርጅናል ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው ችግሩ።

ሠ. የብር መፈተሻ መብራት ያለው ሱቅ ካለ ወረቀቱን አሳዩት። ዛሬ የሚመረተው ነጭ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለው በመብራቱ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የ1940ዎቹ ነው የተባለ ወረቀት እንደዚያ ካበራ ተጠራጠሩ። ለ1960ዎቹ እትሞች ግን ይሄ ፈተና አይሠራም፤ ኬሚካሉ ያኔ ገብቶ ነበር።

ረ. አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ሌሎቹን ይበክላል። የጭስ ሽታ ብቻ ከሆነ ይለቃል፣ አትፍሩ።

ሰ. የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካለበት "ተሰርዟል" የሚል ሌላ ማኅተም አብሮ ይፈለግ። ከሌለ አትግዙ። ከመደርደሪያ ላይ የወጣ የሕዝብ ንብረት ሊሆን ይችላል።

4. ዋጋ ስትነጋገሩ

ዋጋ የሚያወርዱት የጎደለ ገጽ፣ የውኃ ጉዳትና ፕላስተር ናቸው። የደበዘዘ ጀርባ፣ ሽፋን ላይ የተጻፈ የባለቤት ስም፣ የተላጠ ጥግ ትንሽ ነገር ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ሽፋኑ የቆሸሸ ግን ውስጡ የተሟላ እትም ግዙ።

5. ወደ ቤት ማምጣት

መጽሔቱን በሁለት ካርቶን መሐል አድርጉ፣ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልሉ። ፕላስተሩ ላስቲኩን እንጂ መጽሔቱን አይንካ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥቅሉ የመኪናው ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫን፣ ጭናችሁ ላይ ይሁን። በሻንጣ የሚመጣ ከሆነ በልብስ መሐል ተኝቶ ይምጣ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከምታስቡት በላይ ይከብዳል፤ ዘመዳችሁ አስቀድሞ ይመዝነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በጣርማ በር ወርዳችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትሄዱ ከሆነ ጥቅሉን እንደደረሳችሁ አትፍቱ። የቀዘቀዘ ወረቀት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ላብ ያወጣል፣ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ። እንደተጠቀለለ ይደር። ጠዋት ክፈቱት።

6. ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩ

አዲስ የመጣውን በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፋችሁ፣ ለሦስት ሳምንት ለብቻው አስቀምጡ። ነጩ ወረቀት ላይ ደቃቅ ዱቄት ከወረደ ብል አለ ማለት ነው። ያኔ ከረጢቱን አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉትና ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሁለት ሳምንት ይቆይ። መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ቆጠራውን ከመጀመሪያ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ነፍሳቱ ቀስ ያለ ቅዝቃዜን ይለምዱታል። ካወጣችሁት በኋላ ከረጢቱን ሳትከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። የበረሮ ፍሊት ወረቀት ላይ አትርጩ፣ ነጠብጣብ ይተዋል።

7. ማጽዳት

ብሩሹን ከጀርባው ወደ ውጭ ጠርዝ ብቻ አንቀሳቅሱ። ወዲያ ወዲህ ካላችሁ አቧራው ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ሻጋታ ካለው ማስክ አድርጋችሁ ውጭ፣ ጥላ ሥር ጥረጉ። ሻጋታው እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ይድረቅ፤ እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይለቀለቃል። በእርጥብ ጨርቅ ምንም አትጥረጉ።

ለጭስ ሽታ፦ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ክፍት ጣሳ ከሰል አስቀምጡ። መጽሔቱን ከሰሉን በማይነካ ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉ። ሁለት ሳምንት።

8. ውኃ ቢነካው

ይሄን ደረጃ የምጽፈው እያመመኝ ነው። አንድ ነሐሴ ቆርቆሮው አፈሰሰና አልጋ ሥር የነበረ ካርቶን ረጠበ። አምስት የግራፊስ እትሞች ነበሩ። "ሲደርቅ እከፍተዋለሁ" ብዬ ምድጃ አጠገብ አቆምኳቸው። በሦስተኛው ቀን እንደ ሳሙና ድፍን ሆነው ጠበቁኝ። አንዱን ገጽ ለመለየት ቢላ ሳስገባ ሥዕሉ ከነቀለሙ ወደ ሌላኛው ገጽ ተላጦ ሄደ። አምስቱም አልተረፉም።

የሆነው ይሄ ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላዩ በነጭ አፈርና በማጣበቂያ የተለበጠ ነው። ሲረጥብ ማጣበቂያው ይቀልጣል። ሁለት ገጽ ተነካክቶ ሲደርቅ አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይለያየውም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወረቀቱ ሳይደርቅ በፊት ነው።

- ወዲያውኑ፣ እርጥብ እንዳለ፣ በየገጹ መሐል ያልታተመ ነጭ ወረቀት አስገቡ። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ያልፋል። ሶፍትም አይሁን፣ ይጣበቃል።
- ነጩን ወረቀት በየግማሽ ሰዓቱ ቀይሩ። ቬንትሌተር ካለ ክፍሉን እንጂ መጽሔቱን አይምታ።
- ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው በሁለቱ ኮምፔንሳቶ መሐል አድርጋችሁ ክብደት ጫኑበት። ሳይጫን ከደረቀ ይሞገዳል።
- የረጠበው ብዙ ከሆነና ካልደረሳችሁ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ጊዜ ስታገኙ አንድ በአንድ እያወጣችሁ አድርቁ። የምታውቁት ሆቴል ፍሪዘር ካለው ከዛሬው አናግሩ። እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ማውጣት ይጀምራል፣ ያኔ የምትለምኑት ሰው ስትፈልጉ ይመሽባችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፀሐይ ላይ አታስጡ። የእኛ ደጋ ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ቀለም ያጠፋል፣ ወረቀት ያቆለምማል። ምድጃና ከሰል አጠገብም አታቁሙ።

9. ማስቀመጥ

መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ ራቅ ያለ፣ ከወለልም ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ይሁን። የጭቃም የብሎኬትም ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ በውርጭ ሌሊት ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ላብ ይይዝና ረፋድ ላይ ያንጠባጥባል፤ ከላይ ላስቲክ ሳታለብሱ ወረቀት ሥሩ አታስቀምጡ። የእርጥበት መለኪያው ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢያሳይ ጥሩ ነው። 65ን ካለፈ ሻጋታ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ እዩት። ዝናብ በሌለበት ቀትር ላይ መስኮት ክፈቱ፣ ከመምሸቱ በፊት ዝጉ።

ቀጫጭን በሽቦ የተሰፉትን አስተኙ፣ ክምራቸው ከአንድ ስንዝር አይበልጥ። ወፋፍራሞቹ ሳይዘምሙ ቀጥ ብለው ይቁሙ። የዘመመ መጽሔት ጀርባው ተጣሞ ይቀራል። በካርቶንና በመጽሔት መሐል ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ በየዓመቱ ሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ቡናማ ካርቶን አሲድ ስላለው የነካውን ያቢጫል።

እጣን የሚጨስበት፣ ጀበና የሚንተከተክበት ክፍል ውስጥ አይሁን። ቡናውን እዚያ ጠጡ፣ መጽሔቱ እዚህ ይቆይ።

10. መዝግቡ

ለእያንዳንዱ እትም በደብተር ወይም በኤክሴል፦ ስም፣ ቁጥር፣ ተከታታይ፣ ዓመት ከነአቆጣጠሩ፣ የገጽ ብዛት፣ የጎደለው፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋ፣ ከማን። ያላችሁን ካላወቃችሁ ያንኑ እትም ደግማችሁ ትገዛላችሁ። መጽሔቱ ላይ ምንም አትጻፉ። የግድ ከሆነ በእርሳስ፣ በኋላ ሽፋን ውስጠኛ ጥግ ላይ።

11. ፎቶ ማንሳት

ጋቢው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት በኩል ጠቅልላችሁ መሐሉ ሸለቆ እንዲሆን አድርጉና መጽሔቱን እዚያ ላይ ክፈቱት። ጀርባው ሳይዘረጋ ሁለቱም ገጾች ይታያሉ። መስኮት አጠገብ፣ ደመናማ ቀን፣ ያለ ፍላሽ አንሱ። የስካነር መስታወት ላይ ገልብጦ መጫን ጀርባውን ይሰብራል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ፕላስተር መለጠፍ። የተቀደደ ገጽ ስታዩ እጃችሁ ወደ ፕላስተር ይሄዳል። ተዉት። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም። የተቀደደውን ገጽ በቦታው አስተካክላችሁ ከረጢት ውስጥ ብታስቀምጡት ይበቃል።

በዱቄት ሙጫ መጠገን። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለመለጠፍ የምናፈላው ዓይነት ሙጫ ለበረሮና ለአይጥ ግብዣ ነው።

የደብተር ላስቲክ መሸፈን። ያ ወፍራም፣ የሚሸት ላስቲክ ቆይቶ ይወዛል፣ የሽፋኑንም ቀለም ይዞ ይላጣል። ሽታ የሌለውን ፖሊፕሮፒሊን ተጠቀሙ።

ናፍታሊን መጨመር። ሽታው ከወረቀት አይለቅም፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም።

የዛገ ሽቦ መጎተት። ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ማውጣት ካለባችሁ መጽሔቱን መሐሉ ላይ ክፈቱ፣ የታጠፉትን እግሮች በቀጭን ቢላ ቀና አድርጉ፣ ከዚያ በጀርባ በኩል አውጡት። በቦታው የጥጥ ክር በዚያው ቀዳዳ ማሳለፍ ይቻላል።

ገጽ ቆርጦ ፍሬም ማድረግ። ሽፋኑ ስላማረ ብቻ እትሙን የሚበትኑ አሉ። ግድግዳችሁ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ በደረጃ 11 ያነሳችሁትን ፎቶ በጥሩ ወረቀት አሳትሙት። መስታወቱ ውስጥ የሚገባው ኮፒው ይሁን፣ መጽሔቱ ከነማስታወቂያው መደርደሪያው ላይ ይቆይ።